የእንሰት ቅጠል መቼ ይቆረጥ? በማንስ ቢላዋ?

ጥር ሲጋመስ በሀዲያና በከምባታ ደጋ ሣር ያልቃል። ግጦሹ ይላጫል፣ የገለባው ክምር ይጎድላል፣ በረት ውስጥ የታሰረችው ላም ጎኗ እየገባ ይሄዳል። ጓሮው ግን አረንጓዴ ነው። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። እንግዲህ የዚያ ቤት እመቤት ቢላዋ ብታነሳ ማን ይፈርድባታል?

የሚፈርድባት ግን አለ። ስለ እንሰት ቅጠል በተነሳ ቁጥር ሁለት ወገን ይወጣል። አንዱ «ቅጠሉን አትንኩ፤ ቅጠሉ የተገፈፈ እንሰት ይከሳል፣ ቆጮውም ያንሳል» ይላል። ሌላው «ቅጠል መልሶ ይበቅላል፣ የሞተች ላም ግን አትነሳም» ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። ክርክሩ ለዓመታት እዚያው የሚሽከረከረውም ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉበት ጥያቄ የተሳሳተ ስለሆነ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ» አይደለም። የትኛው ቅጠል? በየትኛው ጊዜ? በማን ቢላዋ? የሚሉት ናቸው። ከሦስቱ ደግሞ የመጨረሻው፣ ብዙም የማይነሳው፣ ከሁለቱ ይበልጣል።

በመጀመሪያ ቅጠሉ ለእንሰቱ ምን እንደሆነ ይታይ።

በሀዲይኛ «ዌሳ» የሚባለው እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው። እንደ ሙዝ ግን ፍሬው አይጠበቅም፤ የሚበላው አካሉ ነው። ከሩቅ ሲታይ ግንድ የሚመስለው ነገርም እንደ ባሕር ዛፍ ያለ እውነተኛ ግንድ አይደለም። የቅጠሎቹ የታችኛው ክፍል አንዱ ባንዱ ላይ ተጠቅልሎ የሠራው ወፍራም ምሰሶ ነው። ሴቶች በእንጨት ላይ ዘርግተው የሚፍቁት፣ ቆጮና ቡላ የሚሆነው፣ ይህ የቅጠል እግር ነው። ከመሬት በታች ያለው አሚቾም ቢሆን የሚወፍረው ላይ ያለው ቅጠል ከፀሐይ ሠርቶ ወደ ታች በሚልከው ምግብ ነው። በአጭሩ እንሰት ላይ ቅጠል ጌጥ አይደለም። ቅጠሉ ወጥ ቤቱ ነው፣ እግሩ ደግሞ ጎተራው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? በሌሎች ሰብሎች ላይ «ቅጠል ማራገፍ ምርት ይጨምራል» የሚል ምክር ስላለ ነው። ቲማቲም አምራች የታችኞቹን ቅጠሎች የሚያነሳው አየር እንዲገባና በሽታ እንዲቀንስ ነው። ወይን አምራች ዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል የሚቀንሰው ፍሬው ፀሐይ እንዲያገኝ ነው። እዚያ የሚጠበቀው ፍሬ ስለሆነ አንዳንዱ ቅጠል ከፍሬው ጋር ይሻማል። እንሰት ላይ ግን ፀሐይ የሚጠብቅ ዘለላ የለም። ከላይ የተወሰደው ከታች ካለው ጎተራ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ «መግፈፍ ያወፍረዋል» የሚለው ወሬ ለእንሰት አይሠራም። እንሰት ለመድረስ እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ በየበጋው የሚገፈፍ ከሆነ ይህ ጊዜ ይረዝማል፣ ወይም የሚገኘው ቆጮ ያንሳል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ቅጠል እኩል አይሠራም። እላይ ያሉት፣ ገና ያልተተለተሉት፣ ፀሐዩን ፊት ለፊት የሚቀበሉት ቅጠሎች የቤቱ እንጀራ ጋጋሪዎች ናቸው። ከታች ያለው፣ በሌሎቹ ጥላ ሥር የወደቀው፣ ነፋስ የቀደደው፣ ጠርዙ ቢጫ መሆን የጀመረው አሮጌ ቅጠል ሥራውን ጨርሶ ጡረታ ሊወጣ ነው። ያ ቢቆረጥ እንሰቱ ብዙም አይጎዳም፤ ዛሬ ባይቆረጥም በራሱ ጊዜ ደርቆ ይንጠለጠላል። መሐል ላይ እንደ ጦር ተጠቅልሎ የሚወጣው አዲሱ ቅጠል ግን በፍጹም አይነካም። በቅርብ የተተከለ ችግኝም እንዲሁ። ሥር ያልያዘ ተክል ቅጠሉን ሲያጣ ወተት ያልጠገበ ሕፃን እንደ ማስጣል ነው።

እስከዚህ ድረስ «አትንኩ» የሚሉት ያሸነፉ ይመስላል። አላሸነፉም።

የሀዲያና የከምባታ ገጠር በኢትዮጵያ ሕዝብ ከተጨናነቀባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የግጦሽ መሬት ጠቧል። በደረቁ ወራት ላም በሕይወት የምትቆየው ከጓሮ በሚወጣ ቅጠል ነው። በዶዮገና የሚደልቡት የታወቁት በጎችም ከዚህ ጓሮ ይቀምሳሉ። ላሟ የምትሰጠው ወተትና ቅቤ ብቻ አይደለም፣ ፍግም ነው። እንሰት ደግሞ የሚኖረው በፍግ ነው። በማንኛውም መንደር ከቤቱ አጠገብ ያለው እንሰት ከሩቁ የሚወፍረው ለዚህ ነው፤ በረቱ ቅርብ ስለሆነ። ስለዚህ ላሟን አስርቦ እንሰቱን ማዳን አይቻልም። ዛሬ ቅጠል የተከለከለች ላም ከርሞ ለእንሰቱ የምትሰጠው ፍግ አይኖራትም። ቅጠሉ ወደ ላም፣ ላሟ ወደ ፍግ፣ ፍጉ ወደ እንሰት ይዞራል። ይህን ዙር የማያይ ምክር ከቢሮ የወጣ ምክር ነው።

በዚያ ላይ ቅጠሉ መኖ ብቻ አይደለም። ዳቦ የሚጋገረው በእሱ ነው፣ ቆጮ ጉድጓድ የሚገባው በእሱ ተጠቅልሎ ነው፣ ቅቤ ገበያ የሚወጣው በእሱ ተሸፍኖ ነው። ያሆዴና መሳላ ሲደርሱ፣ ሠርግና ለቅሶ ሲኖር ቅጠል ይፈለጋል። ሆሳዕና ገበያ ላይ ለዳቦ ጋጋሪ የሚሸጥ የቅጠል ሸክም የአንዲት እናት የጨውና የሳሙና ገንዘብ ነው። ለዚህች እናት «አትቁረጪ» ማለት ምክር ሳይሆን ስድብ ነው።

እንግዲህ ቅጠሉ ይቆረጣል። መቆረጡም ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ነው ሦስተኛው ጥያቄ የሚመጣው፦ በማን ቢላዋ?

የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚባለው ባክቴሪያ ከእንሰት ጠላቶች ሁሉ የከፋው ነው። በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመዘገቡት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሙዝ ላይም መኖሩ በከፋ ታወቀ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኡጋንዳ ውስጥ በሙዝ ላይ ታየና ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛምቶ የብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ማሳ አስጨነቀ። በሽታው የያዘው እንሰት ቅጠሉ ከመሐል ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ ይታጠፋል። የቅጠሉ እግር ሲቆረጥ ቢጫ ወይም ክሬም የመሰለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መድኃኒት የለውም። አምስት ዓመት የተጠበቀ ተክል ሳይበላ ይበሰብሳል።

ይህ ባክቴሪያ ክንፍ የለውም። ወደ ጤነኛ ተክል የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ ከቁስል ወደ ቁስል የሚያደርሱት መንገዶች ብዙ ቢሆኑም ዋነኛው የሰው እጅ የያዘው ስለት ነው። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲቆርጥ በሽታውን እንደ መርፌ ይወጋዋል። ከታመመው ወደ ጤነኛው እየተዘዋወሩ የሚግጡ ከብቶችና ሥሩን የሚበሉ እንደ ጃርትና ፍልፈል ያሉ እንስሳትም ያዛምቱታል። ቢላዋው ግን በየቀኑ፣ በየጓሮው፣ ከተክል ወደ ተክል ይሄዳል።

አደገኛው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ በሽታው የገባበት እንሰት ወዲያው አይጠወልግም። ለሳምንታት ጤነኛ መስሎ ሊቆም ይችላል። «የታመመውን ለይቼ እተዋለሁ» የሚል ሰው የሚለየው የታየውን ብቻ ነው። ያልታየውን ቆርጦ ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ ሞትን ይዞ እያለፈ መሆኑን አያውቅም።

ሒሳቡን እዚህ ላይ ማስላት ይገባል። ቅጠል አብዝታ የቆረጠች እናት ከአንድ እንሰት ጥቂት ቆጮ ታጣለች። ባልጸዳ ቢላዋ የቆረጠች እናት ግን ጓሮዋን ልታጣ ትችላለች። የመጀመሪያው ኪሳራ በሚቀጥለው ክረምት ይካሳል፣ ሁለተኛው በሚቀጥለው ትውልድም ላይካስ ይችላል። ክርክሩ ሁሉ በመጀመሪያው ላይ ሆኖ ሁለተኛው መዘንጋቱ ነው የሚያሳዝነው።

ለምን ተዘነጋ? አንዱ ምክንያት ቢላዋ ማኅበራዊ ነገር ስለሆነ ነው። በገጠር እሳት መጫር፣ ወፍጮ መጋራት፣ ቢላዋ መዋዋስ የጉርብትና ምልክት ነው። ጎረቤት ልጇን ልካ «እማማ፣ እናቴ ቢላዋውን ላኪልኝ ብላለች» ሲል ማን «አይሆንም» ይላል? እምቢ ማለት «ጓሯችሁ ታሟል» ብሎ መሳደብ ይመስላል። መልሶ ሲያመጣውም በእሳት ለብለብ ማድረግ ልጁ እያየ የሚደረግ ከሆነ እንደ ንቀት ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ሰው ያፍርና ዝም ይላል፤ በዚህ ይሉኝታ መካከል በሽታው ከጓሮ ወደ ጓሮ በእንግድነት ይገባል።

ሌላው ምክንያት ሰው መሳሳቱ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ወጣት ስንት ቤት ባዶ እንዳደረገ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም። ቤት የቀሩት እናቶች፣ አረጋውያንና ልጆች ናቸው። ቅጠሉን የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ የቤቱ ሰው ሳይሆን በቀን ሥራ የተጠራ ልጅ ነው። ቅጠል ገዢም ራሱ ቆርጦ የሚወስድ ከሆነ ከጓሮ ጓሮ የሚዞረው ሰው ብቻ ሳይሆን ቢላዋም ነው። ጓሮው የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ቢላዋው ግን ከየት እንደመጣ አይጠየቅም።

መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። እሳት በየቤቱ አለ። ስለቱን እስኪግል ድረስ እሳት ላይ ማቆየት በቂ ነው። በረኪና ያለው ቤት በውኃ በጥብጦ ስለቱን መንከር ይችላል። ከዚያ በፊት ግን የተጣበቀውን የእንሰት ጭማቂ ከስለቱም ከእጀታውም ማጠብ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ የጓሮ ቢላዋ ከጓሮ እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ቅጠል ለሚፈልግ ጎረቤት ቅጠል ይሰጠው፤ ቢላዋ አይሰጠው። ቅጠል ገዢም በባለቤቷ ቢላዋ ይቁረጥ ወይም የተቆረጠውን ይግዛ።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ እንቅፋት አለ፤ ተሸፋፍኖ መታለፍ የለበትም። ለእንሰቱ ጤና ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ከአንዱ ብዙ ከምትወስዱ ከብዙው ጥቂት ጥቂት ውሰዱ» የሚል ነው። ለአንድ አንድ ተክል ሲታሰብ ምክሩ ትክክል ነው። ለበሽታው ሲታሰብ ግን ተቃራኒው ነው፦ ከብዙው ጥቂት ጥቂት መውሰድ ማለት ቢላዋው ብዙ ተክል ነካ ማለት ነው። በየተክሉ መካከል ስለቱን ማጋል ደግሞ በወሬ ቀላል ነው እንጂ ላሟ እየጮኸች፣ ሕፃን ጀርባ ላይ ታዝሎ፣ ፀሐይ እየወረደች የሚደረግ አይደለም። ሰው የማይፈጽመውን ምክር መስጠት ምክር አለመስጠት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጓሮውን ለሁለት መክፈል። ጥቂት እንሰቶችን «የቅጠል» ብሎ ለይቶ ማስቀመጥ፣ የቀሩትን «የቆጮ» ብሎ መተው። በደረቁ ወራት ቢላዋ የሚገባው በቅጠሎቹ ወገን ብቻ ይሁን። እነዚያ ይክሱ፤ የተተከሉት ለዚያ ነው። የቆጮዎቹ ግን ለዓመታት ቢላዋ ሳያያቸው ይደጉ። በሽታ ቢገባ እንኳ የሚጎዳው አንዱ ወገን ይሆናል። ለቅጠሉ ወገን ደግሞ በሽታን በመቋቋም የሚታወቁ ዝርያዎች ቢመረጡ ይመረጣል፤ በወላይታ «ማዚያ» የሚባለው ዝርያ በተመራማሪዎች ሙከራ ከሌሎች የተሻለ ተቋቁሞ ታይቷል። መሬት ጠቦ እንዴት ይከፈላል የሚል ካለ መልሱ አዲስ መሬት አያስፈልግም የሚል ነው። አሁን ያለው ጓሮ ውስጥ ወደ በረቱ የቀረበውን አንድ ጥግ መምረጥ ብቻ ነው።

«አያቶቻችን ይህን ሁሉ ሳያደርጉ ሲቆርጡ ኖረዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ኖረዋል። አያቶች ግን የነበራቸው ግጦሽ ዛሬ የለም። የከብታቸው ብዛት፣ የፍጉም ብዛት ዛሬ የለም። ቅጠል ከጓሮ ወደ ከተማ ዳቦ ቤት በመኪና አይጫንም ነበር። ጓሮ ከጓሮም እንዲህ አልተጠጋጋም ነበር። የአያቶች ጥበብ የነበረው ቅጠል መቁረጣቸው አልነበረም፤ የትኛውን እንደሚተዉ ማወቃቸው ነበር። ያንን መውረስ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ እናት ትከሻ ላይ ብቻ መጫን የለበትም። የኢትዮጵያ የግብርና ምክር ለረጅም ጊዜ ዓይኑ ስንዴ፣ በቆሎና ጤፍ ላይ ነበር። እንሰት ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሰው የሚኖርበት ተክል መሆኑ እየተነገረ የጓሮ ነገር፣ የሴት ነገር ተደርጎ ቆይቷል። ወላይታ ውስጥ ያለው የአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል በእንሰት ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ቅጠል መግፈፍና ደጋግሞ መንቀል በእንሰት ምርት ላይ ምን ያደርጋል የሚለውን ጥያቄም አድማሱ ፀጋዬና ስትሩክ የተባሉ ተመራማሪዎች ገና በ2000 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መጽሔት ላይ አውጥተውታል። ጥያቄው አዲስ አይደለም። የሚጎድለው ወደ ጓሮው የሚያደርሰው መንገድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተቋቋመ ወዲህ ሆሳዕና የክልል ከተማ ሆናለች፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው። የእንሰት ጉዳይ ከዚህ የቀረበ ቢሮ ሊያገኝ አይችልም።

የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም። የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ስለ ቅጠል የሚናገረው ግንቦት ላይ ሳይሆን ታኅሣሥ ላይ፣ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ይሁን። ሲናገርም ለባልየው ብቻ አይናገር፤ እንሰቱን የምትፍቀው፣ የምትቀብረው፣ የምትጋግረው እሷ ናት። ደሾ ሣር በየእርከኑ ዳር ቢስፋፋ፣ በለሞ ወረዳ የተሞከረው ትሪ ሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ በአጥር ቢተከል ቢላዋው ወደ እንሰት የሚሄድበት ቀን ይቀንሳል። «አትቁረጪ» ከማለት በፊት «ይኸውልሽ ሌላ» ማለት ይቀድማል።

ከመንግሥት በፊት ደግሞ እድር አለ። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ቃሉ ይከበራል። ይኸው እድር «ቢላዋ ከጓሮ ጓሮ አይዙርም፤ የታመመ እንሰት ያገኘ ደብቆ አይቀመጥም፤ ነቅሎ ለመቅበር ጎረቤት ይተባበረው» ብሎ ቢወስን ያ ይሉኝታ በአንድ ቀን ይነሳል። ያኔ ቢላዋ የከለከለች ሴት ንፉግ አትባልም፤ የእድሩን ደንብ አከበረች ትባላለች። በሽታ የታየበት ቤትም አያፍርም። ሞት ሲገባ የሚሰበሰብ ማኅበር ሞት ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ቢሰበሰብ ምን ይጎዳል?

ጠቅለል ሲል እንዲህ ነው፦

የታችኛው አሮጌ ቅጠል ይቆረጥ፤ የላይኞቹና የመሐሉ ጥቅል አይነኩ።

ገና የተተከለ እንሰት ሥር እስኪይዝ ይተው።

የታመመ ወይም የተጠረጠረ እንሰት ቅጠሉ ለከብት አይሰጥ፣ ገበያም አይውጣ።

የቅጠል እንሰትና የቆጮ እንሰት ይለዩ።

ከጓሮ ጓሮ ቅጠል እንጂ ቢላዋ አይሂድ፤ ቢላዋው የግድ ከሄደ በእሳት ሳያልፍ አይመለስ።

በ2000 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ ረሃብ ሲገባ «አረንጓዴ ረሃብ» ተባለ። ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው ሁሉ ነገር ለምለም ነበር፤ በቤት ውስጥ ግን የሚበላ አልነበረም። ከዚያ የሚወሰድ ትምህርት አለ፦ የጓሮ ማማር የጎተራ መሙላት አይደለም። ዛሬም በአረንጓዴው ጓሮ ውስጥ ገና ያልጠወለገ፣ በሽታው ግን የገባበት እንሰት ሊኖር ይችላል። እሱን ዓይን አይለየውም። የሚያስቆመው ቢላዋውን እሳት ላይ የምታቆየው የእመቤቲቱ እጅ ነው።

እና በዚህ ጥር ቅጠል ልትቆርጥ የተነሳች እናት «ልቁረጥ ወይስ ልተው?» ብላ አትጨነቅ። ትቁረጥ። ከመቁረጧ በፊት ግን ቢላዋው ትናንት የት እንደዋለ ትጠይቅ።